ለአሮጌ መኪና የባትሪ ማቋረጫ ስለ መምረጥ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በመኪናና ንብረት ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ «ለእድሩ ላንድሮቨር ከሩቅ በሪሞት የሚሠራ የባትሪ ማቋረጫ ይገዛለት» የሚል ሐሳብ ቀርቦ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ገሚሱ ደገፈ፣ ገሚሱ «ለአሮጌ መኪና ምን ሪሞት አስፈለገው?» አለ። በመጨረሻም ነገሩን አጥንተን እንድናቀርብ ለእኛ ለንዑስ ኮሚቴው ተሰጠን። እኛም ባለሙያ ጠይቀናል፤ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ አሮጌ መኪና የያዙ አባሎቻችንን አነጋግረናል፤ የራሳችንንም መኪና ባትሪ በመለኪያ ለክተናል። ዛሬ የምናቀርበው የዚህን ውጤት ነው። ነገሩ የእድሩን መኪና ብቻ የሚመለከት አይደለም። በየግቢያችሁ ቮልስ፣ ላዳ፣ ፔዦ ወይም ፊያት ያቆማችሁ ሁሉ እንድትሰሙን እንለምናለን።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን እንናገር። የእድር መኪና እንደ ሌላው መኪና አይደለም። የነጋዴ መኪና በየቀኑ ይሠራል፤ ሲሠራ ባትሪውን ራሱ ይሞላል። የእኛ ላንድሮቨር ግን ሃያና ሠላሳ ቀን ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ድንገት ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ጡሩምባ ይነፋና «ተነሥ!» ይባላል። ያን ጊዜ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ይጭናል፤ አስከሬን ከአዲስ አበባ ወይም ከጌዶ የሚመጣም ከሆነ መንገድ ይወጣል። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። መኪናው ያን ሌሊት ካልተነሣ ዓመቱን ሙሉ ያወጣንበት ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው። ባለፈው ክረምት ባትሪው ሞቶ ድንኳኑን በፈረስ ጋሪ ያጓጓዝንበት ጧት ከማንኛችንም አልተረሳም። ሐዘንተኛው ቤተ ሰብ በዝናብ ቆሞ ጠብቆናል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ቢሆንም፣ ከበስተጀርባዋ ያለው ጉዳይ ትንሽ አይደለም።

«ታዲያ ለምን አዲስ መኪና አንገዛም?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ማስገባት ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ተቆጠረ። የቮልስን ነገር ብቻ ብንወስድ፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ማምረቱ ሲቆም፣ እኛ አገር ያለው ግን ሥራውን አላቆመም። አባት ለልጅ እያወረሰው ይኸው ዛሬም ይሄዳል። አሮጌ መኪና መያዝ እንግዲህ የድህነት ምልክት ብቻ ሳይሆን ንብረትን የመጠበቅ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የቆመ መኪና ባትሪ ለምን ይሞታል? ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ባትሪው በተፈጥሮው የሚያጣው ነው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባትሪ ምንም ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ በወር ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ገደማ ያጣል፤ ሲያረጅና ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። እንደ አምቦ ባለ ደጋማ አየር ጥቂት ያጣል፤ እንደ ባኮ ባለ ሞቅ ያለ ቦታ በፍጥነት ይደክማል። ይህን የትኛውም ማቋረጫ አያስቀረውም።

ሁለተኛው ቀስ እያለ የሚፈሰው ነው። መኪናው ሲሠራ ያልነበረ፣ በኋላ የተጨመረ ራዲዮ፣ ሰዓት፣ የሌባ ደወል፣ ወይም ሽፋኑ የተላጠ አሮጌ ሽቦ፣ ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። የእኛን ላንድሮቨር ስንለካው 150 ሚሊ አምፔር ሲፈስ አገኘነው። «ይህ ምን አላት!» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። 150 ሚሊ አምፔር በ24 ሰዓት ሲባዛ 3.6 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባትሪያችን 90 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነው። 90 ለ3.6 ሲካፈል 25 ቀን ይመጣል። ማለትም በ25 ቀን ባዶ ይሆናል፤ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ቀን ደግሞ ግማሹ ያልቃል። ናፍጣ ሞተር በቀዝቃዛ ሌሊት በግማሽ ባትሪ ማስነሣት እንዴት እንደሆነ ሾፌሮቻችንን ጠይቁ። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ሳህን ነጭ ዝቃጭ ይይዘውና ቢሞሉትም ወደ ቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም። አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም የምናጣው፤ ባትሪውንም እናጣለን።

ስለዚህ ማቋረጫ ከመግዛታችን በፊት የሚፈሰውን መፈለግ ይቀድማል። ዘዴው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ በሮቹን ዝጉ፣ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረውን የባትሪ ገመድ ፍቱ። ከዚያ በተፈታው ገመድና በባትሪው ራስ መካከል የ10 አምፔር መለኪያ አግቡ። መለኪያ ከሌለ ትንሽ የ12 ቮልት አምፑል አግቡ፤ አምፑሉ ከፈካ ብዙ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ የትኛው ሲነቀል መለኪያው እንደሚወርድ ወይም አምፑሉ እንደሚጠፋ እዩ። ሌባው በዚያ መሥመር ላይ ነው። መለኪያው እንደገባ ግን ሞተሪኖውን እንዳታዞሩ፤ መለኪያው ይቃጠላል። እኛም በዚህ መንገድ ፈልገን አብዛኛው የሚፈሰው በኋላ በተገጠመው የሌባ ደወል መሆኑን አግኝተናል። ደወሉ ተነቅሏል፤ የቀረው ጥቂት ነው። ቢሆንም በአሮጌ መኪና ዛሬ የተዘጋ ቀዳዳ ነገ ሌላ ቦታ ይከፈታልና ማቋረጫው ያስፈልጋል የሚል አሳብ ላይ ደርሰናል።

ለማቋረጥ የተነሣንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም እሳት ነው። አሮጌ መኪና ውስጥ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ፊውዝ የለውም። ሽፋኑ ተበልቶ ከብረት ጋር ቢነካካ ገመዱ እስኪግል ድረስ የሚያቆመው ነገር የለም። መኪናችን የቆመው ደግሞ ከእድሩ ዕቃ ቤት ጋር ነው። ድንኳኑ፣ ጅባው፣ ወንበሩ ሁሉ እዚያ ነው። ሌሊት ማንም በሌለበት ባትሪው ተቋርጦ ቢያድር፣ መኪናችን ብቻ ሳይሆን የእድሩ ንብረት በሙሉ ይጠበቃል።

የቮልስ ባለቤቶች ደግሞ ይህን በልዩ እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በስተቀኝ ነው። የመቀመጫው ሽቦ (ሞላው) አርጅቶ ሲረግብ፣ ከባድ ሰው ከላይ ሲቀመጥበት ሽቦው ወርዶ የባትሪውን ራስ ይነካል። የመቀመጫው ሙሌት እሳት ቶሎ የሚይዝ ነውና ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። በዚህ የተነሣ ብዙ ቮልስ በየአገሩ ተቃጥሏል። ስለዚህ ማቋረጫ ገዛችሁ አልገዛችሁ፣ የባትሪውን ክዳን መልሱለት። የመጀመሪያው ክዳን ከጠፋ ወፍራም ጎማ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ አድርጉበት። ማቋረጫ የሚጠቅመው መኪናው ሲቆም ነው፤ ሰው ተጭኖ ሲሄድ የሚያድነው ክዳኑ ነው።

እንግዲህ ምን ዓይነት ማቋረጫ አለ? በአራት ከፍለን አይተነዋል።

1ኛ. በባትሪው ራስ ላይ በቀጥታ የሚገጠም ነው። አንዳንዱ የሚዞር ጉብታ አለው፤ አንዳንዱ እንደ ድሮ የመብራት ቤት ማብሪያ ቢላዋ መሳይ ሆኖ ወደ ላይ ይነሣል። ርካሽ ነው፣ ለመግጠምም ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጉድለቱ መኪናውን ለማቋረጥም ለመቀጠልም ኮፈኑን መክፈት ወይም መቀመጫውን ማንሣት ማስፈለጉ ነው። ጉብታ ያለው በደንብ ካልጠበቀ በመንገድ ንዝረት ይላላል።

2ኛ. በእጅ የሚዞር፣ በመኪናው አካል ላይ በብሎን የሚታሰር ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች በደንብ ያውቁታል። የአንዳንዱ እጀታ እንደ ቁልፍ ይነቀላል፤ የአንዳንዱ አይነቀልም። ገመድ ትንሽ ማስረዘም ቢያስፈልገውም ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይገጠማል።

3ኛ. በሚሳብ ሽቦ ከሩቅ የሚሠራ ነው። ማቋረጫው ባትሪው አጠገብ ሆኖ እንደ ብስክሌት ፍሬን ባለ ሽቦ ይሳባል። በውድድር መኪኖች ላይ በሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የቀይ መብረቅ ምልክት ያለበት ቦታ የምታዩት ለዚህ ነው፤ ከውጭ የቆመ ሰው ስቦ መኪናውን ያጠፋዋል። ነዳጅ በሚጭኑ ቦቴዎችም ላይ ሾፌሩ ከጋቢናው ሆኖ ባትሪውን የሚያቋርጥበት መሣሪያ መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ «ከሩቅ ማቋረጥ» የሚለው አሳብ ራሱ ቅብጠት አይደለም፤ ቦታ ቦታ አለው።

4ኛ. በኤሌክትሪክ ከሩቅ የሚሠራ ነው። ይህም በዳሽቦርድ ላይ ባለች ትንሽ ማብሪያ ወይም ያለ ሽቦ፣ በኪስ በሚያዝ ሪሞት ይሠራል። በስብሰባው የቀረበው ይህ ነበርና ዘርዘር አድርገን እናየዋለን።

የዚህ አራተኛው ዓይነት ሆዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በርቶ እንዲቆይ ዘወትር ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነው። ለምሳሌ 1 አምፔር የሚበላ ቢሆንና ሾፌሩ ሳያጠፋው ቢሄድ በቀን 24 አምፔር ሰዓት ይጠጣል፤ የእኛን 90 አምፔር ሰዓት ባትሪ አራት ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ባትሪ እንዲቆጥብ የገዛነው ራሱ ባትሪ በላተኛ ሆነ ማለት ነው። ባትሪው በጣም ሲደክም ደግሞ ጨርሶ አይዘጋም። አንዳንድ ሰው ከአሮጌ መኪና የተነቀለ የሞተሪኖ ሶሌኖይድ ለዚህ ሥራ ይገጥማል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያ ዕቃ ለጥቂት ሰከንድ ሥራ እንጂ በርቶ ለመዋል አልተሠራምና ይግላል፣ ይቃጠላል። ሌላኛው ግን አንድ ጊዜ ምት ሲደርሰው ተዘግቶ፣ ሌላ ምት ሲደርሰው ተከፍቶ ባለበት የሚቆይ ነው። በመካከል ምንም አይበላም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የግድ ይገዛ ከተባለ መገዛት ያለበት ይህኛው ነው።

ያለ ሽቦ የሚሠራው ሪሞት ደግሞ የራሱ ነገር አለው። «ጌታዬ መቼ ይጠራኝ ይሆን?» ብሎ ሌት ተቀን ጆሮውን አቅንቶ የሚጠብቅ ተቀባይ በውስጡ አለ። ይህ ተቀባይ ጥቂት ይበላል። 10 ሚሊ አምፔር የሚበላ ቢሆን በ30 ቀን 7.2 አምፔር ሰዓት ነው። ለላንድሮቨር ባትሪ ብዙ አይደለም፤ ለቮልስ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግን ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚገዛ ሰው «ቆሞ ሳለ ስንት ይበላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሻጩ ካላወቀ፣ ዕቃው ላይም ካልተጻፈ፣ ባይገዙት ይሻላል።

የሪሞቱ ጥቅም የለም አንልም። እውነቱን እንናገር። የቮልስ መቀመጫ ለማንሣት ወገባቸው የማይፈቅድላቸው አባቶች አሉን። ለሌባም ያስቸግራል፤ መኪናው ተከፍቶ ቁልፉ ቢጣመም እንኳ ሞተሪኖው አይዞርም። እሳት ቢነሣ ሳይጠጉ ማቋረጥ ይቻላል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን የእድሩን መኪና በሚመለከት አራት ነገር አላስደሰተንም።

አንደኛ፣ ሪሞቱ በማን ኪስ ይሆናል? ሾፌራችን አንድ ሰው አይደለም፤ በተገኘው ሰው ነው የምንነዳው። ሪሞቱን የያዘው ሰው ለገበያ ጉደር ወርዶ፣ ወይም ለዘመድ ሰርግ አዲስ ዓለም ሄዶ ሳለ ሰው ቢሞትስ? ሁለተኛ፣ የሪሞቷ የራሷ ትንሽ ድንጋይ ስታልቅ የሚነግረን የለም፤ የምናውቀው በዚያች ሌሊት ነው። ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ ርካሽ ዕቃዎች ላይ የተጻፈው አምፔርና የሚችሉት አምፔር አይገናኝም። አራተኛ፣ በጉዞ ላይ በስሕተት ቢጫን አደጋ አለው። ሞተር እየሠራ ባትሪው ሲቋረጥ ከዲናሞው የሚመጣው ቮልቴጅ ይዘላል፤ የአዲሱ ዓይነት ዲናሞ (አልተርኔተር) ዳዮዶች ይቃጠላሉ፤ አምፑሎችም ሊቃጠሉ ይችላሉ። በሌሊት፣ በጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ አስከሬንና ሐዘንተኛ ጭኖ መብራት መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ይህን ካልን ዘንድ፣ ማቋረጫ ከሞተር ማጥፊያ ጋር እንዳይምታታ አንድ ቃል እንጨምር። የእኛ ላንድሮቨር ናፍጣ ነው፤ አንዴ ከተነሣ ባትሪ ቢቋረጥም ሞተሩ አይጠፋም። የሚጠፋው የናፍጣ ማቆሚያውን በመሳብ ነው። የቤንዚን መኪናም ዲናሞው እየሠራ ከሆነ ባትሪው ቢቋረጥም መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። የውድድር መኪኖች ማቋረጫ ሞተሩንም የሚያጠፋው ተጨማሪ ነጥቦች ስላሉት ነው። ተራው ማቋረጫ የቆመ መኪና መጠበቂያ ነው፤ ሌላ ሥራ አትስጡት።

ቀጥለን «በየትኛው ገመድ ላይ ይገጠም?» ለሚለው እንመልስ። ከመኪናው አካል ጋር በታሰረው ገመድ ላይ ነው። ምክንያቱም በዚያ በኩል ሲገጠም፣ መፍቻ ብረት ወድቆ የማቋረጫውን ጫፍና የመኪናውን አካል ቢያገናኝ ብልጭታ አያመጣም፤ በሌላኛው በኩል ግን እሳት ይተፋል። በአብዛኞቹ መኪኖች ከአካሉ ጋር የታሰረው ኔጋቲቩ ነው። ነገር ግን ከ1967 እ.ኤ.አ. ገደማ በፊት በተሠሩ ላንድሮቨሮችና በሌሎች የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር ታስሮ ይገኛል። ስለዚህ ቀለሙን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ገመዱን ተከትላችሁ የሚያበቃበትን እዩ። ብዙ ጊዜ የሚረሳም አለ፦ ራዲዮ ወይም ሌላ ዕቃ ከባትሪው ራስ ላይ ለብቻው ቀጭን ሽቦ ተስቦለት እንደሆነ፣ ያም ወደ ማቋረጫው ማዶ መዛወር አለበት። አለዚያ ዋናው በር ተዘግቶ የጓሮው በር ክፍት አደረ ማለት ነው።

«ስንት አምፔር የሚችል?» ለሚለውም፣ ዕቃው ላይ ሁለት ቁጥር ይፈለግ። አንዱ ዘወትር የሚችለው፣ ሁለተኛው ሞተሪኖ ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ የሚችለው ነው። ለቮልስ፣ ለላዳና ለፊያት ዘወትር 100፣ ለአጭር ጊዜ 500 አምፔር የሚችል ይበቃል። ለናፍጣ ላንድሮቨር ግን ዘወትር 250፣ ለአጭር ጊዜ ከ1000 በላይ የሚችለውን እንመርጣለን። 6 ቮልት የሆኑ ድሮ የተሠሩ ቮልሶች ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል፤ ቮልቱ ግማሽ ሲሆን ለዚያው ሥራ የሚሄደው አምፔር እጥፍ ነውና ትንሽ የላላ ግንኙነት ጉልበቱን ሁሉ ይበላዋል። ከተገጠመ በኋላ አንድ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር ሌላው በማቋረጫው ሁለት ጫፎች መካከል ቮልት ይለካ። ከ0.2 ቮልት ካልበለጠ ጥሩ ነው። ከበለጠ ዕቃው ደካማ ነው፣ አለዚያም ብሎኑ አልጠበቀም።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። ንዑስ ኮሚቴው ለእድሩ ላንድሮቨር የሚመርጠው ሁለተኛውን፣ ማለትም በእጅ የሚዞረውን ነው። እሱም እጀታው የማይነቀል ይሁን እንላለን። «የሚነቀለው ለሌባ ይበጃል» ያሉን አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሚነቀል ቁልፍ እንደ ሪሞቱ ሁሉ ይጠፋል፣ በሰው ኪስ ይሄዳል። የእኛ መኪና የሚያድረው በተቆለፈ ግቢ፣ ዘበኛ ባለበት ነው። የበሩን ቁልፍ ያገኘ ሰው ሁሉ ማስነሣት መቻል አለበት። ማቋረጫው ከሾፌሩ ወንበር ግርጌ፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ይገጠማል። አጠገቡም በአማርኛና በኦሮምኛ «ክፍት»፣ «ዝግ» ተብሎ በቀለም ይጻፋል፤ ጨለማ ውስጥ ሆኖ የሚያስነሣው ማን እንደሚሆን አናውቅምና።

ይህ ማቋረጫ ቢበላሽስ? እዚህ ላይ ነው በእጅ የሚሠራው ከሪሞቱ የሚበልጠው። ሁለቱን የገመድ ጫፎች ከማቋረጫው ፈትቶ በአንድ ብሎን ላይ አጋጥሞ ማሰር ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መኪናው እንደ ድሮው ይሠራል። ለዚህ የሚሆን አንድ የብሎን መፍቻ በመኪናው ውስጥ በገመድ ታስሮ ይቀመጣል። በታሰረበት ይቆይ፤ ለሌላ ሥራ አትውሰዱት!

ቮልስ ላላችሁ አባላት ደግሞ ምክራችን እንዲህ ነው። መቀመጫውን ማንሣት የማያስቸግራችሁ፣ በባትሪው ራስ ላይ የሚገጠመውን፣ ቁመቱ ከመቀመጫው ሽቦ የማይደርሰውን ምረጡ። መቀመጫ ማንሣት የሚያስቸግራችሁ ገመዱን አስረዝማችሁ በእጅ የሚዞረውን ከመቀመጫው ፊት ለፊት አስገጥሙ፤ ወይም የሚሳብ ሽቦ አድርጉ። ሪሞት ካላችሁም ሦስት ነገር ይኑረው፦ በምት የሚሠራ ይሁን፣ በእጅም የሚከፈትበት መንገድ ይኑረው፣ ቆሞ ሳለ የሚበላው መጠን የታወቀ ይሁን። ሁለተኛዋን ሪሞት ደግሞ ለባለቤታችሁ ስጡ።

ማቋረጫው ከተገጠመ በኋላ የአጠቃቀሙ ሥርዓት አጭር ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ መብራቱን ሁሉ አጥፉ፣ ከዚያ አቋርጡ። ስትመለሱ ሁሉ ነገር መጥፋቱን አይታችሁ ቀጥሉ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሩ። ሞተር እየሠራ በምንም ምክንያት አትንኩት። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳልና ገና ከመሙያው የተነሣ ባትሪ አጠገብ ጥቂት ነፋስ አስገብታችሁ ነው መቀጠል ያለባችሁ፤ ሲጋራማ ጭራሽ አይታሰብም።

ማቋረጫ አለ ብሎ ባትሪውን መርሳትም አይገባም። ከላይ እንዳልነው ተቋርጦም ቢሆን ይደክማል። ስለዚህ በየወሩ በስብሰባችን ዕለት ቮልቱ ይለካ። 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነውና በመሙያ ይሞላ፤ ከዚያ በታች ከወረደ በዚያው ዕለት መሙያ ላይ ይግባ። የተለካው ቁጥር በመዝገብ ይጻፍ። መኪናውም ቆሞ ሞተሩ ከሚንተከተክ ጉደር ደርሶ ይመለስ፤ ፍሬኑም ጎማውም አብሮ ይፈተሻል። የባትሪው ውሃ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የአምቦ ውሃ ለሆድ መድኃኒት ይሁን እንጂ ለባትሪ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ሳህኑን ያበላሸዋል። ይህን የምንለው ለቀልድ ብቻ አይደለም፤ ጠርሙስ ይዞ የመጣ አይተናልና ነው።

ክቡራን አባላት፤

በአገራችን የመኪና ታሪክ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ መኪናውን እየነዳ ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ ከመጣ ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን መኪና የሚነሣው በማኖቬላ፣ በሰው ክንድ ነበር። ባትሪና ሞተሪኖ ክንዳችንን አሳረፉት፤ በዚያው ልክ ግን ዓይናችን የማያየው ነገር ላይ እንድንተማመን አደረጉን። የማይታይ ነገር ደግሞ የሚጠብቀው ይፈልጋል። እድራችንም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይታይ ቆይቶ በአንድ ሌሊት መገኘት አለበት። ለዚህ የሚሆነን ዕቃ ውዱ ወይም አዲሱ ሳይሆን፣ ማንም አባል በጨለማ ዳስሶ የሚያገኘው፣ ቢበላሽም ማንም በመፍቻ የሚያልፈው ነው።

ስለዚህ ጉባዔው በሚከተሉት ሦስት ነጥቦች ላይ ድምፅ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለላንድሮቨሩ እጀታው የማይነቀል፣ 250 አምፔር የሚችል በእጅ የሚዞር ማቋረጫ ከንብረት ማደሻ ሂሳብ ይገዛ። ሁለተኛ፣ በየወሩ ባትሪውን የሚለካና በመዝገብ የሚጽፍ አንድ ሰው ከንዑስ ኮሚቴው፣ አንድ ሰው ከአባላት ይመደብ። ሦስተኛ፣ በሚመጣው ወር በአንዱ እሑድ ከስብሰባው በኋላ አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ ወደ እድሩ ግቢ ይዛችሁ ኑ፤ የሚፈስ ካለ አብረን እንለካለን፤ የቮልሶቹንም የባትሪ ክዳን እናያለን። ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም፤ መለኪያው የእድሩ ነው።

መኪናችን ለሐዘን የሚነሣበትን ቀን ፈጣሪ ያርቅልን፤ በመጣም ጊዜ ሳይነሣ የሚቀርበትን ቀን አያሳየን።